የቀይ ሽብር ሰማዕታት ቤተሰቦች ድምፅ ሳይጠፋ፦ ለወመዘክር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት (ወመዘክር)
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ቤተሰቦችና የተረፉት ሰዎች ቃል በድምፅና በምስል እንዲቀረጽ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የአገልግሎቱ ኃላፊዎች፣

አያቴ እንጀራ ስትጋግር ማሟሻውን ለማንም አትሰጥም ነበር። ሰፌዱ ጠርዝ ላይ ለብቻው ታስቀምጠዋለች። የእናቴ ታላቅ ወንድም ትኩስ ማሟሻ በአዋዜ ይወድ ነበር። ለእድገት በሕብረት ዘመቻ ገጠር ሳለ በሚጽፈው ደብዳቤ እንኳ ማሟሻውን ማን እንደሚበላበት ይጠይቃል። ደርግ ተቃዋሚዎቹን በገፍ ባሰረበትና በገደለበት በቀይ ሽብር ወቅት፣ በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት፣ ለጥቂት ጥያቄ ነው ተብሎ ከቤት ተወሰደ። 21 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም፣ ድንኳን አልተጣለለትም። አያቴ እርሟን ሳታወጣ ኖራ ከሦስት ዓመት በፊት አረፈች። ነገ እንቀርጻታለን፣ ለፋሲካ እንቀርጻታለን ስንል አንዲት ደቂቃ እንኳ ድምፅዋን ሳናስቀር ሄደች። ይህ ጸጸት ነው ብዕር ያስነሳኝ።

ከተዝካሯ በኋላ እናቴን ይዤ መስቀል አደባባይ ጎን ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄድን። ሙዚየሙ በ2002 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ በበሩ ብዙ ጊዜ አልፋለች፣ አንድም ቀን ግን ገብታ አታውቅም። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም የተቃዋሚዎቹን ደም ለማፍሰስ እየዛተ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሕዝብ ፊት የከሰከሰው እዚያው አደባባይ ላይ ነው። ውስጥ ስንገባ ከጅምላ መቃብር የወጣው አጽምና ልብስ አለ፤ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሞሉት ፎቶዎች አሉ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፣ ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት የተነሱት ፎቶ ይመስላል። እናቴ አንድ በአንድ እያየች ስትሄድ የምታውቃቸውን ሦስት ፊቶች አገኘች፤ አንደኛዋ የሰፈራችን ልጅ ነበረች፣ ጠጉር ትሠራላት የነበረች።

ያስጎበኙን ሰው ራሳቸው ታስረው የተገረፉ ናቸው። ከአንድ ፎቶ ፊት ቆመው በአንድ ክፍል አብረዋቸው ስለታሰሩት ጓደኛቸው ነገሩን፤ ሌሊት ስም ሲጠራ ካልሲውን አውልቆ በረዶ ለሆነ ሌላ እስረኛ ሰጥቶ እንደወጣ። ይህን ከግድግዳው ላይ አላነበብንም፣ ከአንደበታቸው ነው የሰማነው። በ1969 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 70 ዓመት ሊሞላው ነው። እናቶቹማ ምን ያህሉ አሉ? እኒህ ሰው ያረፉ ዕለት የካልሲው ነገር አብሯቸው ይቀበራል።

የፍርድ ቤት መዝገብ አለ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አለ፣ ትልቅ ሥራም ነው። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሰበሰበው ሰነድና የምስክር ቃል ባይኖር ኖሮ ገዳዮቹ ክደው ይቀሩ ነበር። ነገር ግን ፍርድ ቤት ምስክሩን የሚጠይቀው ማን ወሰደው፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ እያለ ነው። ማሟሻ ይወድ እንደነበር የሚጠይቅ ዳኛ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ያንን መጠየቅ ያለበት ሙዚየምና ቤተ መዛግብት ነው።

ሩዋንዳውያን ጠይቀውታል። ኪጋሊ፣ ጊሶዚ ባለው የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለ። ከልጁ ፎቶ ሥር ይወደው የነበረው ምግብ፣ ይጫወትበት የነበረው አሻንጉሊት፣ ከዚያም እንዴት እንደተገደለ ተጽፏል። ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ያረፈበት ቦታ ነው፤ ጎብኚው ግን የአንድ ልጅ ስምና የሚወደውን ምግብ ይዞ ይወጣል። የተረፉ ሰዎችን ቃልም ቀርጸው በማኅደር አኑረዋል። እኛ ዘንድ የሟቾቹ ቁጥር ራሱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ቢያንስ የእያንዳንዱን ልጅ ታሪክ ከሚያውቀው ሰው መቀበል ይቻላል።

የምጠይቀው ይህንን ነው። ከሙዚየሙና ከቤተሰቦቹ ማኅበር ጋር ሆናችሁ መቅረጫ የያዙ ባለሙያዎችን በየቤቱ ላኩ፤ አረጋውያኑን ቢሮ ድረስ ኑ አትበሏቸው። በሱዳን በኩል ተሰደው ዋሽንግተንና አውሮፓ የቀሩት ብዙ ናቸውና በኤምባሲዎች በኩል እነርሱንም ድረሱባቸው። የአገሪቱን መረጃ ማሰባሰብና መጠበቅ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተሰጣችሁ ኃላፊነት ነው፤ የእናት ቃል ማኅተም ካለው ወረቀት አያንስም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ደርግን ይቃወም በነበረው ድርጅት፣ በኢሕአፓ ታጣቂዎች በከተማ ውስጥ የተገደሉ፣ ያኔ ከደርግ ጋር ይሠራ የነበረው የመኢሶንና የቀበሌ ሰዎች ልጆችም አሉ። የእነርሱም አባት አባት ነበር። ቃላቸው አብሮ ይቀረጽ። ይህን በማለቴ የሚቀየሙኝ ዘመዶች እንዳሉኝ አውቃለሁ፣ ግን እንዲህ ነው የማምነው። ደግሞም በእስር ቤት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ሁሉ ዛሬ በአደባባይ ማሰማት የማይፈልጉ ይኖራሉ። ባለቤቷ ፈቅዳ እስክትከፍተው ድረስ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ሳይነገር ከመቅረት ይሻላል።

ከእኛ ቤት መጀመር ትችላላችሁ። የዘመቻው ደብዳቤዎች አራቱ በእጃችን አሉ፣ የአጎቴ ሸሚዝም አለ። እናቴ 65 ዓመቷ ነው፤ ትዝታዋ ብሩህ የሚሆነው ጠዋት ጠዋት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ስለምትጋግር በእነዚያ ቀናት ብትመጡ ቡናውም ማሟሻውም ይደርሳችኋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ