አባዬ፣ ስለ ሰርጉ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ ተሻለህ?

ስለ ሰርጉ ያለኝን ሐሳብ ፊት ለፊት ስንሆን ጨርሼው አላውቅም። «ሰው ምን ይለኛል» ስትል አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ። ስለዚህ ጽፌ ልንገርህ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ተቀመጡ ስትላቸው «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አንተም ጋቢህን ሰብሰብ አድርገህ የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ጠየቅክ። ልጁን በደንብ ብታውቀውም ሥርዓቱን አላጓደልክም። «ከቤተሰብ ጋር ልምከርበት» ብለህ ቀጠሮ ስትሰጣቸው ኮራሁብህ። ይሄን በምንም አልለውጠውም።

ተክሊሉም እንደዚያው ነው። ጥር ይሁን ካልክ ጥር ይሁን፤ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ፣ በጠዋት፣ ካባ ለብሰን፣ አክሊል ተደፍቶልን እንቆርባለን። የአንተንና የእማዬን ጉልበት ስሜ መመረቅ እፈልጋለሁ። በሕጉም በኩል ሐሳብ አይግባህ። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል፤ ወረዳ ሄዶ ማስመዝገብ ነው የሚቀረው።

የማልስማማው በአዳራሹ ነው። 600 ሰው፣ ሊሞዚን፣ ክሬን ላይ የተሰቀለ ካሜራ፣ ደርብ በደርብ የሆነ ኬክ። አባዬ፣ እነዚህ ከአያቶቼ የመጡ አይደሉም። አንተና እማዬ ስትጋቡ ዳስ ተጣለ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሽንኩርት ከተፈ፣ ጠላው እቤት ተጠመቀ። እኔም ልቤ ወደዚያ ነው። ጥር ላይ ሁሉም ስለሚሰርግ የአዳራሽ ዋጋ ጣራ ይነካል። ለአንድ ቀን ብለን ተበድረን፣ ትዳራችንን ዕዳ በመክፈል መጀመር አልፈልግም። ጠዋት ቆርቤ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ዲጄ ፊት መጨፈርም አይዋጥልኝም። ቬሎም አልከራይም። ሽሮ ሜዳ ያሸመንኩት ቀሚስ ይበቃኛል።

ያንተም ጭንቀት ይገባኛል። የሰው ሰርግ በልተሃል፣ የሰው ድግስ ላይ ተሯሩጠሃል። የእድሩ ሰው ያንተን ቀን እየጠበቀ ነው። የድሮ ሰፈራችን የዶሮ ማነቂያ ቤቶች በ2016 ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ያ ሁሉ ጎረቤት ተበትኗል። አሁን የሚገናኘው ለቅሶ ላይ ነው። የእንግዳ ዝርዝር የጻፍክበትን ደብተር እማዬ አሳየችኝ። ከስሞቹ አጠገብ በእርሳስ «አራብሳ»፣ «ጀሞ»፣ «የካ አባዶ» ብለሃል። አንዳንዱ ጋ ስልክ የለም፤ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው ያለው። ገጹን እያገላበጥኩ ብዙ ቆየሁ። አንተ በልጅህ ሰርግ ሰፈሩን መሰብሰብ ነው የፈለግከው። ይሄን ልከለክልህ አልችልም፤ አልፈልግምም።

እንዲህ ብናደርግስ? የሰርጉ ቀን ምሳ ለቅርብ ዘመድና ለጓደኞቻችን ይሁን፤ ከ120 ሰው አይለፍ። መልሱ ግን ያንተና የእማዬ ነው፤ ወትሮም የሴቷ ቤተሰብ ድግስ ነው። የእድሩ ድንኳንና ወንበር ግቢያችን ይምጣ። የድሮ ጎረቤቶቻችን ይጠሩ፣ ካስፈለገም በዙር ይብሉ። በኬክ ፈንታ ድፎ ዳቦ ይቆረስ። እማዬ ዶሮ ወጡን ለማንም አሳልፋ እንደማትሰጥ አውቃለሁ፤ እኔም አጠገቧ ሆኜ አግዛታለሁ። ያን ቀን ማንም «ሰዓት አልቋል፣ አዳራሹን ልቀቁ» አይለንም። ያሻህን ያህል ትጫወታለህ።

ጥሎሹን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንህ። እንግዳ ፊት አንድ በአንድ እየወጣ፣ «ይሄ ለእሷ፣ ይሄ ለእናቷ» እየተባለ አይታይ። በሽማግሌዎቹ ፊት እቤት ይለቅ። እናቱ ጡረተኛ ናቸው። ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ያመጡት ነገር በሰው ዓይን እንዲመዘን አልፈልግም፤ አንተም እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ይሄን አንተ ብትናገር ሁሉም ይሰማል፤ እኔ ብናገር ግን ገና ሳልገባ ለባሌ ቤት አደላች እባላለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ደብተሩን አውጣውና ማን ለምሳው፣ ማን ለመልሱ እንደሚጠራ አብረን እንለይ። ስልካቸው የጠፋብህን እኔ አፈላልጋቸዋለሁ።

የምትወድህ ልጅህ