የመሬት ሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ድንጋይ ለቃሚዎቹ»

ክበባችን በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ተሰብስቧል፤ ቃለ ጉባኤም ተይዟል። ስለ ስብሰባው ይኸው ይበቃል። ግቢ ውስጥ «ድንጋይ ለቃሚዎቹ» እንደምንባል እናውቃለን። አዎ፣ እንለቅማለን፤ ግን የተነሣበት ቦታና ቀን ያልተጻፈበትን ድንጋይ መልሰን እንጥላለን፤ ደንባችን ነው።

የዘንድሮው ርእሳችን ብሬቺያ ነበር፦ ከ2 ሚሊሜትር የሚበልጡ ባለ ስለት ስብርባሪዎች በደቃቅ ዱቄትና በማዕድን ተጣብቀው የሚፈጠር አለት። ደሴ ተቀምጦ ይህን አለማወቅ ያሳፍራል። ከተማችን ያረፈችው በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ መሬት ተሰንጥቆ በሰመጠበት ላይ ነው፤ ዙሪያዋም 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ቅላጭ የረጋ ጥቁር አለት ነው።

በጥር ከጦሳ ግርጌ ተነሥተን ወደ ቦርከና ወረድን። ከገደሉ ሥር የተከመረው ናዳ እጅ ይቆርጣል፤ ከወንዙ ያነሣነው ያው ባዛልት ግን ድቡልቡል ነው፣ ውኃ እያንከባለለ ጠርዙን በልቶታል። ናዳው ሩቅ ሳይሄድ ክፍተቱን ውኃ ያመጣው ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ወይም ሲሊካ (ኳርትዝ የተሠራበት) ከሞላው ብሬቺያ ይሆናል። የወንዙ ጠጠር ቢጣበቅ ግን ኮንግሎሜሬት ነው።

መንገድ ሲቆረጥ በተገለጠ ስንጥቅ ዳር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቆማ ቀረች። አለቱ ደቅቋል፣ በመሃሉ ነጭ ክር ያልፋል። ሁለት ስብርባሪ እያመለከተች «ቲቸር፣ ይቺና ይቺ አንድ ነበሩ» አለች። ጠርዛቸው እንደ ተሰበረ ጀበና ልክክ ብሎ ይገጥማል። ተንከባሎ የመጣ ናዳ እንዲህ አይገጥምም፤ እዚያው ባለበት ሲሰነጠቅ የደቀቀ ነው። ካልሳይት አሲድ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ አሲድ ስላልነበረን ነጩን በሚስማር ፍቀን ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አደረግን። አረፋ አወጣ፤ ካልሳይት ነው። ሳይፍቁ ግን ሎሚ ብዙም አቅም የለውም።

በክፍል ውስጥም ብሬቺያ ሠርተናል፦ ሦስት ኩባያ የተፈለጠ ጠጠር፣ አንድ ኩባያ አሸዋ፣ አንድ ኩባያ ሲሚንቶ፣ ከግማሽ ኩባያ ትንሽ የሚበልጥ ውኃ፣ አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ። የመጀመሪያው ተበላሸብን፤ ውኃ በዝቶ ሲሚንቶው ወደ ታች ወረደ፣ ከላይ ያለው ጠጠር ሳይያዝ ቀረ። ሁለተኛውን ለሳምንት እያረጠብን አቆየነው፣ ጠነከረ።

ለማሊያ በየዓመቱ ገንዘብ ይገኛል። እኛ የምንጠይቀው 10 ጊዜ የሚያጎሉ አምስት የእጅ ሌንሶች፣ ባዛልት ሲመታ ፍንጣሪው ዓይን ስለሚያጠፋ የመከላከያ መነጽር (አሁን አንድ ብቻ ነው፣ በተራ ነው የምንመታው)፣ እና አንድ የሚቆለፍ መደርደሪያ ነው። ናሙናዎቻችን ቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ሥር በካርቶን ነው ያሉት። የስድስቱን መለያ ወረቀት አይጥ ስለበላው በራሳችን ደንብ ጥለናቸዋል።