ሽቦውን ያውቀው ነበር

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሰብል ላይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ልታበሪ መሆኑን ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት ቅር ብሎኝ አይደለም። ልነግርሽ የሚገባ ነገር ነበረኝ፤ በስልክ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ።

አንቺ ከመወለድሽ በፊት የመርጫ አውሮፕላን መካኒክ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ፤ ሥራውን ለምን እንደተውኩት ግን ነግሬሽ አላውቅም። አብሮን የሚሠራ አንድ አብራሪ ነበር፤ ብዙ ዓመት የቆየ፣ የተረጋጋና ጥንቁቅ ሰው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከማሳው ጫፍ ካለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተጋጭቶ ወደቀና ሞተ። ወሬው እንደተሰማ ሁሉም «ሽቦ መኖሩን ሳያውቅ ነው» አለ። ያውቅ ነበር። ጠዋት ማሳውን ከላይ ዞሮ አይቶ ሲመለስ የምሰሶዎቹን መስመር መሬት ላይ በእንጨት ሥሎ አሳይቶኛል።

የምርመራው ሪፖርት ዋናውን ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰው፦ አብራሪው ከሽቦው በቂ ርቀት አልጠበቀም። ከሥሩ «አስተዋፅኦ ያደረጉ ምክንያቶች» የሚል ርዕስ ነበር። ያንን ገጽ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። እኔ እስከ ዛሬ አነበዋለሁ፤ እዚያ የተጻፈው እያንዳንዱ ነገር ሰው ሊያስቆመው የሚችልበት ጊዜ ነበረውና።

ጠዋት ከሽቦው ጎን ለጎን ነበር የሚረጨው። ከቀትር በኋላ ንፋሱ ዞረ፤ መድኃኒቱ ወደ ሌላ ሰው ማሳ እንዳይሄድ አቅጣጫውን ቀየረ፤ ያኔ ሽቦው ፊት ለፊቱ ሆነ። እንደ አዲስ ማሳ ቆጥሮ ዳግመኛ ከላይ አልቃኘውም። ፀሐይዋም ስታዘቀዝቅ ዐይኑ ውስጥ ገባች። ሲረጭ ከሰብሉ በላይ 3 ወይም 4 ሜትር ቢሆን ነው። በሰዓት 216 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሴኮንድ 60 ሜትር ይሄዳል፤ ሽቦውን በ180 ሜትር ርቀት ብታዪው እንኳ ለማየትም፣ ለመወሰንም፣ አፍንጫውን ለማንሳትም ያለሽ 3 ሴኮንድ ነው። ያረጀ ሽቦ ደግሞ ቀለሙ ደብዝዞ ከኋላው ካለው ነገር ጋር ይመሳሰላል፤ ከቅጥነቱ የተነሳም ዐይን ርቀቱን መገመት ያቅተዋል። ስለዚህ ሽቦ አትፈልጊ፤ ምሰሶ ፈልጊ። ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ ምሰሶው ላይ ሽቦውን የያዙት ስኒ መሳይ ነገሮች ይነግሩሻል። ምሰሶውን ወደ መሬት የሚወጥር ገመድ ካየሽም መስመሩ እዚያ ይታጠፋል ወይም ያልቃል። ባለፈው ወር ያወቅሽውን ማሳም አትመኚው፤ ቀጭን የንፋስ መለኪያ ማማ በአንድ ቀን ይተከላል።

ድካሙ ሌላው ነው። ንፋስ የሚረጋው ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለሆነ ሥራው ቀኑን ከሁለቱም ጫፍ ይበላዋል። የቀትሩ ዕረፍት በሙቀት ውስጥ ነው፤ እንቅልፍ አይባልም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2013 የደረሱ 78 የመርጫ አውሮፕላን አደጋዎችን መርምሮ በ2014 ባወጣው ሪፖርት ጎድለዋል ካላቸው ነገሮች አንዱ ድካምን ስለመቆጣጠር የሚሰጥ መመሪያ ነበር። የጥገና ጉድለትም አለበት። ያንን ሳነብ እጄን ነው ያየሁት።

በአብራሪው አደጋ ሪፖርት ውስጥ የሌለም ነገር አለ። የዚያን ቀን ቀትር ላይ የተደፈነ ኖዝል (መድኃኒቱ የሚረጭበትን አፍ) በባዶ እጁ ሲያጸዳ አይቼዋለሁ። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶች በቆዳ ይገባሉ፤ የዐይንን ብሌን ያጠባሉ፣ እይታን ያደበዝዛሉ። ጓንት ላቀብለው ስችል አላቀበልኩትም።

የመጨረሻውን ታንክ የሞላሁት እኔ ነኝ። ግማሽ እንኳ አልነበረም፤ የቀረችው ቁራጭ መሬት ናት። ቱቦውን ስነቅል ዐይኑን በሁለት እጁ ሲያሻ አየሁት። «ነገ ማለዳ እንጨርሰው» ልለው ነበር። ባለማሳው ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔም ወደ ቤቴ ለመሄድ ቸኩያለሁ፤ ደግሞም ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ክንፉን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት። ሽቦ የሚቆርጠው ስለት ከመስታወቱ ፊት ነበር፤ ሽቦው ግን ክንፉን ያዘው።

በማሳው ጫፍ ስትዞሪ ስለሚያጋጥመው ስቶል፣ ማለትም ክንፉ ማንሳቱን ስለሚተውበት ሁኔታ፣ መምህራንሽ ያስተምሩሻል። እኔ ይህን ብቻ ላስይዝሽ፦ ከፍታሽን ጠብቀሽ በ60 ዲግሪ ተጋድመሽ ስትዞሪ ክንፉ የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ይሆናል፤ ክንፉ ማንሳቱን የሚተውበት ፍጥነትም በ41 በመቶ ያድጋል። ታንኩ ሙሉ፣ ቀኑ ሞቃት ከሆነ የሚተርፍሽ ጉልበት ጥቂት ነው። መድኃኒቱን በአንዴ የሚደፋውን እጀታ እጅሽ ሳታስቢው ማግኘት አለበት። የመድኃኒቱን ዋጋ ሌላ ሰው ያስብበት።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። መሬት ላይ ሆኖ ታንክ የሚሞላልሽ ሰው ማን እንደሆነ ንገሪኝ። ሥራ ሳትጀምሪ ልደውልለት እፈልጋለሁ፤ ፊትሽን እያየ እንዲሞላ፣ መድከምሽን ካየም ቱቦውን እንዳይሰካ ልለምነው። ሲናገርሽ ደግሞ አትቆጪው።

አባትሽ