ድንኳኑ የእድር፣ አበባው የሜዳ

ውዴ፣ እንደምን ከረምሽ?

ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ስትደውዪ ያላነሳሁት፣ መልእክትሽንም አንብቤ ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። አፍሬ ነው። ለጥር 2017 አዳራሽ ይዘናል ስልሽ እንዴት እንደተደሰትሽ አልረሳም። ለሠርጌ የምትለብሺውን ቀሚስ እንኳን ገዝተሽ ነበር። ሐምሌ 2016 ብር ሲወርድ ግን አዳራሹ በሰው የሚያስከፍለውን ጨመረ፣ ዲኮሩም ጨመረ፣ የእኛ ደመወዝ ያው ነው። ሰረዝነው። ቀብዱም አልተመለሰልንም። ይህን ለሰው መናገር አቃተኝ፣ ላንቺ ደግሞ ባሰብኝ። ይቅር በዪኝ።

ባለፈው ሳምንት እህትሽን ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋት። ከፋሲካ በኋላ የታሰበው ሠርግሽ በገንዘብ ምክንያት ሊተላለፍ ነው አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እባክሽ አታስተላልፊው። መጀመሪያ ሳልነግርሽ የቀረሁትን ልንገርሽ።

ተጋባን። እሁድ፣ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት፣ እናቴ ግቢ ውስጥ።

ቀኑን የመረጥነው አስበንበት ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባሉት ሳምንታት ግማሽ አገር ያገባል፤ ድንኳኑም ወንበሩም ካሜራ ማኑም ይወደዳል። መስከረም ላይ ይህ ሁሉ ግርግር የለም። አደይ አበባ ደግሞ ሜዳውን ሞልቶታል። ቅዳሜ ማታ የተቆረጠው ጠዋት ላይ ጠውልጎ ስላገኘነው የባሌ ወንድሞች ሊነጋጋ ሲል ወደ ሱሉልታ ወጥተው እንደገና ቆርጠው መጡ። ጠሉ ገና አልደረቀም ነበር። በቲማቲም ድልህ ጣሳ ውሃ አድርገን፣ ጣሳውን በቃጫ ገመድ ጠምጥመን፣ በየጠረጴዛው አስቀመጥነው። የተረፉትን ጣሳዎች በምስማር በሳስተን ውስጣቸው ሻማ አቆምን። ሲመሽ ብርሃኑ በየቀዳዳው እየወጣ ግቢው ሌላ ቦታ መሰለ።

ድንኳኑ ግን የእድር ነው። እድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ትልልቅ ድስቶቹን ለአባል በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። አባቴ የሞተ ጊዜ የተተከለው ያው ድንኳን ነው፣ ታስታውሺዋለሽ፣ አብረን ሦስት ቀን ተቀምጠንበታል። መጀመሪያ አልፈለግሁትም። እናቴ ግን «አባትሽን የሸኘንበት ነው፣ ይዳርሽ እንጂ» አለችኝ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ድንኳን ቢሰጡኝም አልቀበልም ነበር። ውስጡን በአቡጀዲ አለበስነው። ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ቁርጥራጭ ጥለት በርካሽ ገዝተን በአቡጀዲው ጠርዝ ላይ እኔና ሚዜዎቼ ማታ ማታ ሰፋነው። ከሙሽራ ወንበር ጀርባ የጎረቤቱን ሰፌድና እንቅብ ሰብስበን ሰቀልን፣ ወለሉ ላይ ቄጤማ ጎዘጎዝን። ፎቶው ላይ ስታዪው ታምኚኛለሽ፣ በሺዎች ከሚከፈልበት ዲኮር አያንስም።

ቬሎ አልተከራየሁም። የእናቴን የሠርግ ቀሚስ ሰፊ ጋ ወስጄ አስጠበብኩት፣ ጥለቱን ብቻ በአዲስ ቀየርኩ።

ምግቡን ደግሞ ስሚኝ። ለመስቀል ሰፈሩ በሬ ለቅርጫ ሲጥል እኛም ሦስት መደብ ገባን። ጠላውንና ጠጁን እናቴ ራሷ ጠመቀች፤ ለጠጁ አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውሃ፣ ጌሾውም የደጅ ነው። ጎረቤቶቻችን የየራሳቸውን ቢላዋና መክተፊያ ይዘው መጥተው ሽንኩርቱን በአንድ ቀን ጨረሱት፤ የዚያን ቀን ሳቅ ለብቻው ሠርግ ነበር። በኬክ ፋንታ ስድስት ጎረቤት በኮባ ስድስት ድፎ ዳቦ ጋገሩልን፣ ትልቁን እኔና ባሌ ቆረስነው።

አንድ ነገር አጠፋን። የጠራነው 120 ሰው ነው፣ የመጣው ከዚያ በጣም ይበልጣል። ለወጣቱ በቴሌግራም ጥሪ ልከን ነበር፣ እሱም ለጓደኛው አስተላለፈው። ስምንት ሰዓት ላይ ወጡ እያለቀ እንደሆነ ከጓዳ ሲነግሩኝ እግሬ ከዳኝ። አንዲት ጎረቤታችን ምንም ሳትናገር ቤቷ ሄዳ በብረት ድስት ሽሮ ሠርታ መጣች፣ ሰውም ከወጡ ይልቅ ሽሮውን ሲያደንቅ ዋለ። አንቺ ሽሮውን ከመጀመሪያው አስቢበት። ጥሪውንም ለሽማግሌዎች በእግር፣ ለሌላው በስልክ አድርጊው።

የአንቺ ደሴ ላይ ስለሆነ ትንሽ ይለያል። ሚያዝያ የበልግ ዝናብ አለ፣ ስለዚህ ከድንኳኑ በላይ ሸራ ያስፈልጋል፣ ይህን ለመቆጠብ አትሞክሪ። አደይ የለም፣ ግን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሞልቷል፤ ቶሎ አይጠወልግም፣ ሽታውም ደስ ይላል። ከዱባይ ስትመጪ ብርጭቆና ዲኮር አትሸከሚ። ጥቃቅን የሚንጠለጠሉ መብራቶች ብቻ ሻንጣሽ ውስጥ ክተቺ፣ እዚህ ውድ ናቸው። ፎቶውን የአጎትሽ ልጆች በስልካቸው ያንሱ፣ ማታ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይሰብስቡት። እኔ ከካሜራ ማኑ ፎቶ ይልቅ የምወደው የእነሱን ነው።

እናትሽን በርበሬውን ከአሁኑ እንድታስፈጭ ንገሪያት፣ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆንባችሁ። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ ካደረግሽው ጠላው በጾሙ ውስጥ ይጠመቃል፣ ዶሮው ከፋሲካ በኋላ ይሠራል፣ ቀማሽም አይጠፋም። ጥለት የሰፋንበት አቡጀዲ አጥቤ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ፣ ሠላሳ ሜትር ነው፣ የአንቺን ድንኳን ይበቃዋል። እሱንና ቢላዋዬን ይዤ ከሠርጉ አምስት ቀን ቀድሜ ደሴ እገባለሁ።

ቀኑን ስትቆርጪ ደውዪልኝ። ቁጥሬ ያው ነው፣ አሁን አነሳለሁ።

ናፋቂሽ ጓደኛሽ