እንዳላየ ስለ መሆን

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ እንዳላመካኝ፣ የጠየቅኸኝ ስለ ማስመሰል በመሆኑ ብዕሬ አፈረ።

ማስመሰልን በእንግሊዝኛ ለመግለጽ “ፕሪቴንድ” የሚለውን ቃል መደጋገም እንደ ሰለቸህ ጽፈህልኝ ነበር። እኛ የታመመ መሰለ፣ ያልሰማ መሰለ፣ የሞተ መሰለ እያልን አንዱን ግስ ለሁሉም እናውላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ግሱን የሚመርጠው የሚመሰለው ነገር ነው። ሕመምንና አለማወቅን “ፌይን” ይቀድማቸዋል፤ ፌይን ኢልነስ፣ ፌይን ኢግኖራንስ ይባላል። ሲጻፍ የማይነበብ “ጂ” በመካከሉ አለበትና ልብ በል። ይህ ግን ወደ መጽሐፍ ቋንቋ ያደላል፤ በተራ ወሬ እያወቀ አላውቅም ላለ ሰው ፕሌይ ደም፣ አዳኝ ሲመጣበት ትንፋሹን ውጦ ለሚጋደም እንስሳ ደግሞ ፕሌይ ዴድ ይላሉ። የውሸት ፈገግታ ፌክ ኤ ስማይል ነው።

እኔን ያዋረደኝ “ፌስ” ነው። ሐዘን ደርሶባት በጥንካሬ ወደ ሥራ ለተመለሰች ባልደረባዬ አድናቆቴን በእንግሊዝኛ ስጽፍላት፣ ፑት ኦን ኤ ብሬቭ ፌስ ማለት ሲገባኝ ሜክ ኤ ፌስ ብዬ ላክሁት። የመጀመሪያው ልብስ በሚለበስበት ግስ ፊትን አጀግኖ ሐዘንን መሸፈን ነው፤ ሁለተኛው ፊትን አጨማዶ ማስቀየም ነው። በአንዲት ግስ ምክንያት ለቅሶ ደራሹ ተሳዳቢ ሆንሁ! ከዚያ ወዲህ ቃልን ለብቻው መመዝገብ ትቼ ከነባልደረባው እጽፈዋለሁ፤ አንተም እንዲሁ ብታደርግ ይበጅሃል።

ተርን ኤ ብላይንድ አይ የሚለው ሐረግ ጥፋትን እያዩ እንዳላዩ ማለፍ ነው። እንደሚተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ1801 በኮፐንሃገን የባሕር ጦርነት ላይ የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን የማፈግፈግ ምልክት ሲሰጠው የሩቅ ማያ መነጽሩን በማታየው ዓይኑ ላይ ደግኖ ምልክቱ አልታየኝም አለ። ደብዳቤህን ባላየሁ ኖሮ ይቅርታ ባላስፈለገኝ ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ በየቀኑ እያየሁት ስላለፍሁ ግን፣ አሁን ያችን የኔልሰንን ዓይን ለዝምታዬ እንድታውስልኝ እለምንሃለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ