ሣጥኑ ጓሳው ውስጥ አይቀበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ ስሜን ተራሮችን በማስጎብኘት የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ሁለት እንግዶች ይዤ ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንወጣ አንደኛው ስልኩን እያየ ከመንገድ ወጣ። ብከተለው ጅባራ የሚባለው የደጋ ተክል ሥር ተንበርክኮ ድንጋይ ያነሣል። ምሳ ዕቃ የምታክል የፕላስቲክ ሣጥን አወጣ። ውስጧ እርጥበት ያበላሸው ደብተር፣ እርሳስ፣ ሳንቲምና ከረሜላ ነበር። ክዳኗ ጥግ ጥጉን ተነክሷል፤ የጭላዳ ጥርስ ይሁን የቀበሮ፣ አብሮን የነበረው ጠባቂ፣ ስካውታችንም አልለየውም። እንግዳው ስሙን ጽፎ ሊመልሳት ሲል ስካውቱ ከለከለው፤ እስከ ማታ ተኮራርፈው ዋሉ።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ተጀመረ። አንዱ ዕቃ ደብቆ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፣ ሌላው ፈልጎ ያገኛል። ጨዋታውን አልጠላሁትም፤ ልጄ ቢጫወተው ደስ ይለኛል።

እዚያ ያየሁት ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ከመንገዱ እስከ ጅባራው ድረስ ጓሳው፣ ያ የደጋው ሣር፣ ተረግጦ አፈሩ ወጥቷል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ የሚጀምረው በዚያች መስመር ነው። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ከረሜላ ማን አስለመደው? ዋልያስ ከስሜን ሌላ የት አገር አለው?

የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ የገቡት ጓሳው ይረፍ ተብሎ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 ከገባበት፣ ዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶችን ከሚጽፍበት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ፣ እነሱም የከፈሉት ዋጋ አለበት። ከብቱን ላወጣ ገበሬ፣ «እንግዳው ግን ፕላስቲክ ቀብሮ መሄድ ይችላል» ብዬ በምን አፌ እነግረዋለሁ?

አሜሪካም ቢሆን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሣጥን መቅበር ክልክል ነው። ኧርዝካሽ የሚሉት ሣጥን የሌለው ጨዋታም አለ፦ ቦታው ደርሰህ፣ መሬቱን አይተህ፣ ጥያቄ ትመልሳለህ። እሜትጎጎ የሚባለው ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ ያንን የተነባበረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለሚያይ ሰው ጥያቄ አይጠፋም። ነጥቦቹን ፓርኩ ራሱ ይምረጥ፣ ሁሉም ነባሩ መንገድ ላይ ይሁኑ። እኛ አስጎብኚዎችም በደስታ እናግዛለን።

ሣጥን መቅበር ግን ይከልከል። ክልከላው ደባርቅ የመግቢያ ክፍያ በሚከፈልበት መስኮት ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይለጠፍ፤ ስካውቱ ተራራ ላይ ከእንግዳ ጋር እንዳይጣላ።

አክባሪያችሁ
አስጎብኚ፣ ከጎንደር