የአያቴን ጎራዴ ከማስቆረጥዎ በፊት

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው እሁድ በስልክ ያነሱት ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው የምጽፍልዎ። ጫፉ የተሰበረውን የአያቴን ጎራዴ ለቀጥቃጭ ሰጥቼ ለፋሲካ የሥጋ ቢላ አስወጣበታለሁ አሉኝ። "ቆይ አባባ፣ እጽፍልዎታለሁ" ብዬ ዘጋሁ። እንዳይቆርጡት ልለምንዎ ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔው ራሴ ከተቆረጠ ሰይፍ የተሠራ ቢላ እየፈለግሁ የምገዛ ሰው ነኝና በምን አፌ?

ስለ ቢላዎቼ በቅጡ አውግቼዎት አላውቅም። እዚህ በመጡ ጊዜ መሳቢያውን ስከፍትልዎ "ስለት በቤት አይከማችም" ብለው ፊትዎን አዞሩ፤ እኔም ዝም ብዬ ዘጋሁት። አሁን ልንገርዎ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስሙ የገነነው የአሜሪካው ጄኔራል ፓተን ገና ምክትል መቶ አለቃ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ በዘመናዊ ፔንታትሎን፣ በአምስት ስፖርቶች ውድድር፣ ተወዳድሮ 5ኛ ወጥቷል። ከዚያ ፈረንሳይ፣ ሶሙር ወርዶ ሰይፍ ተማረና ለአሜሪካ ፈረሰኛ ጦር አዲስ ሰይፍ ነደፈ፤ ሞዴል 1913 የሚባለውን። ስለቱ ቀጥ ያለ፣ 89 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ እኛ ጎራዴ አይቆለመምም። ፈረሰኛው ከኮርቻው ወደ ፊት ተዘርግቶ ከመምታት ይልቅ ጫፉን ቀስሮ እንዲወጋበት ነበር የታሰበው። በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት ፋብሪካና በኮኔቲከት ላንደርስ ፍራሪ ኤንድ ክላርክ በሚባል ኩባንያ በብዛት ተሠራ። ግን የታሰበለት ግልቢያ ሳይመጣ መትረየስና ምሽግ ቀደሙት። እ.ኤ.አ. በ1934 ከፈረሰኛው ትጥቅ ወጣ፤ ያ ሁሉ ጥሩ ብረት መጋዘን ገባ።

አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ወታደሩ ለእጅ በእጅ ውጊያ የሚሆን ቢላ አጣ። ኤም 3 የተባለው የሠራዊቱ ቢላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። እስከዚያ ብዙው ወጣት ከኪሱ ገዝቶ ወይም ቤተሰቡ ልኮለት ነው የዘመተው። ያኔ ነው እነዚያ ሰይፎች ከመጋዘን ወጥተው የተቆረጡት። ከቆራጮቹ የታወቀው አንደርሰን የሚባለው ሠሪ ሲሆን ይሠራ የነበረው ግሌንዴል ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ እንጀራ የበላንበት የፌርፋክስ ሰፈር ካለበት ከዚሁ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ። የሰይፉን ስለት ቆርጦ፣ በፕላስቲክ የተቀረጸ እጀታ ያስገባለት ነበር።

መሳቢያው ውስጥ ካሉት አንዱን አብዝቼ እወደዋለሁ። ስለቱ ላይ እንደ ቦይ የተሰረጎዱ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ፓተን በነደፈው ሰይፍ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱት ናቸው። ቢላው ከሰይፉ መካከል ስለወጣ መስመሮቹ እንደ ወንዝ ሳይከስሙ አዲሱ ጫፍ ላይ ድንገት ይቋረጣሉ። እዚያች ቦታ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ የሞረዱን ሰውዬ አስባለሁ። ከዚያ ደግሞ በሌሊት ምሽግ ውስጥ ከጎኑ አድርጎት ያደረውን ልጅ። አባባ፣ የምሰበስበው ግድያ ስለምወድ አይደለም። ለፈረስ ተሠርቶ የፈረስ ውጊያ ያላየ ብረት፣ እናቱ ዘንድ መመለስ ለሚፈልግ ልጅ መጠበቂያ መሆኑ ልቤን ይነካዋል።

ሁለት ጊዜ ግን በዚሁ ተጎድቻለሁ። የመጀመሪያውን ቢላ እንደገዛሁ ዝገቱን ጠልቼ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ብረቱ በሰማንያ ዓመት የለበሰውን ግራጫ በአንድ ቀትር ገፈፍኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ሁለተኛው ላይ ተታለልኩ። የጦርነቱ ጊዜ ነው ተብዬ የገዛሁት ቢላ ከድሮ ሰይፍ በቅርቡ የተቆረጠ ሆኖ ተገኘ። እጀታውን ሳላላው ከሥሩ ያለው የሞረድ ፋና እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ጫፉ አካባቢም ብረቱ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ሲሞረድ ውኃ ሳይነካ ከመጠን በላይ ግሎ ጥንካሬው ሄዷል። ገንዘቡ አላስለቀሰኝም። ያን ያህል ዘመን የቆየ ሰይፍ ለማታለያ ብሎ መቁረጥ ግን ግፍ ነው።

እንግዲህ ለመልሴ የደረስኩት እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሰይፎች ሲቆረጡ የሚያድኑት ሰው ነበር። የአያቴ ጎራዴ ግን ለአንድ ቀን ክትፎ ይቆረጥ ዘንድ አልፈቅድም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና። አያቴ ያንን ብረት ለምን እንደታጠቀው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ደግሞም ቀጥቃጩ ከእሳት ካገባው የመጀመሪያው ሠሪ የሰጠው ጥንካሬ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ እንደገና አግሎና ውኃ ነክሮ ቢመልሰውም ያው አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። ድሮ ወደ አገራችን ከገቡት ስለቶች ብዙዎቹ አውሮፓ የተሠሩ ናቸው፤ ዞሊንገን የምትባል የጀርመን ከተማ በዚህ ትታወቃለች። እጀታቸውን የእኛ ባለእጆች ናቸው ያበጁት። በልጅነቴ ጎራዴውን ሲያወርዱ ከእጀታው ሥር አንበሳ የሚመስል ነገር ያየሁ ይመስለኛል። እህቴ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ከሁለቱም በኩል በስልኳ አንስታ ትላክልኝ። አደራ፣ እንዳያሹት። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ብቻ ያንሱለት፣ ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት ይቀቡት። ሰገባው ውስጥም አይመልሱት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ስለትን ይበላል።

ለፋሲካ ቢላ አያስቡ። የእንጨት እጀታ ያለው፣ እጅዎ የሚለምደው ጥሩ የሥጋ ቢላ ገዝቼ አዘጋጅቻለሁ፤ በሁዳዴ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ ይደርስዎታል። ስለቱን ግን እኔ አልሞረድኩትም፤ እርስዎ እንደሚወዱት ይሞርዱት።

እናቴን ሳሙልኝ።

ልጅዎ